ፒክስል 7ኤ ለመተግበሪያ ሠሪ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

መተግበሪያ የሚሠራ ሰው ስልክ ሲመርጥ ካሜራውን መጨረሻ ላይ ቢያየው ይሻላል። ቀዳሚው ጉዳይ ስልኩ የኮዱን ጥፋት በግልጽ ማሳየቱ ነው። ቀድሞ የነበረኝ ስልክ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ከጀርባ የሚሠሩ መተግበሪያዎችን ያለ ርኅራኄ ይዘጋ ነበር። ማሳወቂያ ሳይደርስ ሲቀር ጥፋቱ የኮዴ ይሁን የስልኩ መለየት ያዳግተኝ ነበር። የጉግል ስልክ የሆነው ፒክስል 7ኤ ከዚህ ጥርጣሬ ገላግሎኛል።

የምሠራው ኮዬ ፈጬ ነው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ኢሙሌተር (ስልክን አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም) ተሸክሞ ብዙ አይቆይም። ስልኩን በኬብል ሰክቼ ስሞክር ግን የላፕቶፑ ባትሪ ለኮዱ ይተርፋል።

ይህ ስልክ እ.ኤ.አ. በ2023 ከአንድሮይድ 13 ጋር ነው የወጣው፤ የደኅንነት ማሻሻያም እስከ 2028 ይደርሰዋል። አዲስ ስሪት ቶሎ መድረሱ ያለውን ጥቅም ያየሁት በፊደላችን ላይ ነው። አንድሮይድ 14 የጽሑፍን መጠን እስከ 200 በመቶ ማሳደግ ያስችላል፤ ቀድሞ በፒክስል ላይ ጣሪያው 130 ነበር። መጠኑን እስከ መጨረሻው ስስበው «ክፍያውን አረጋግጥ» የሚለው ቁልፍ «ክፍያውን አረ» ላይ ተቆረጠ፤ የሁለተኛው መስመር ፊደላት አናትም ጠፋ። የቁልፉን ቁመት በቁጥር መወሰኔን ትቼ ከጽሑፉ ጋር እንዲያድግ አደረግሁት። ዓይናቸው የደከመ እናቶችና አባቶች ገንዘብ የሚልኩበት ገጽ ስለሆነ ይህ ጥቃቅን ነገር አይደለም።

ያገለገለ ስልክ የምትገዙ ከሆነ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት የገንቢ አማራጮችን (ለመተግበሪያ ሠሪዎች የተደበቀውን የቅንብር ገጽ) ክፈቱ፤ በቅንብሮች ውስጥ ያለውን የግንባታ ቁጥር ሰባት ጊዜ መንካት ይበቃል። ስልኩን ከኢንተርኔት ጋር አገናኝታችሁም «ኦኢኤም አንሎኪንግ» የሚለው (የስልኩን ሥርዓት ለመቀየር የሚፈቅደው) ምርጫ ደብዝዞ አልነካ ካለ፣ ስልኩ በውጭ አገር የቴሌኮም ድርጅት የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። ሥርዓቱን አጥፍቶ ሌላ ስሪት መጫን ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ እንቅፋት ነው።

የሲም ካርድ ማስገቢያው አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው መስመር በኢሲም (ካርድ ሳይገባ ስልኩ ላይ በሚጫን ሲም) ነው የሚሠራው። በኢትዮ ቴሌኮምና በሳፋሪኮም ኔትወርክ እያፈራረቀ ለሚሞክር ሰው ይህ ያሰለቻል።

8 ጊጋባይት ራም (ስልኩ መተግበሪያዎችን የሚያሠራበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ደግሞ ያታልላል። በዚህ ስልክ ላይ እንደ ውኃ የሚፈስ የምስል ዝርዝር 2 ጊጋባይት ባለው ስልክ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ብዙ ደንበኞቻችን የያዙት ደግሞ እንዲህ ያለውን ነው። ሆኖም በጀቱ ለአንድ ስልክ ብቻ የሚበቃ ሰው ፒክስሉን ይግዛ፤ ደካማውን ከጎረቤት ለአንድ ከሰዓት በኋላ መዋስ ይቻላል።