የፅንስ መጨንገፍ ሕክምና ከአያት እስከ ለገጣፎ፦ እጃቸው ጥሩ፣ መስኮታቸው ወሬኛ

ከአያት ተነስቶ በየካ አባዶና በጣፎ አድርጎ ለገጣፎ በሚያደርሰው መስመር፣ ፅንስ የጨነገፈባት ሴት የምታንኳኳቸው በሮች ሁለት ዓይነት ናቸው፦ የመንግሥት ጤና ጣቢያና የግል መካከለኛ ክሊኒክ። ከዚያ ያለፈው በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። የማንንም ተቋም ስም አንጠራም፤ የምንነቅፈው ነገር የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና። ለሕክምናው ከአምስት አራት፣ ለምስጢር ጥበቃው ከአምስት ሁለት ሰጥተናል። ምስጢሩ የሚያፈተልከው ደግሞ ብዙዎች እንደሚፈሩት ለፖሊስ በሚላክ ሪፖርት አይደለም። በካርድ ክፍል መስኮት፣ በመጋረጃ፣ በደረሰኝና በሕመም ፈቃድ ወረቀት ነው።

ከፍርሃቱ እንጀምር፤ ደም እየፈሰሳት ቤቷ የምትቀመጥ ሴት ብዙ ጊዜ የሚያስቀራት እሱ ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ስለ ማስወረድ ከአንቀጽ 545 አንስቶ ይደነግጋል፤ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች በ551 ይዘረዝራል። በራሱ የጨነገፈ ፅንስ ግን ወንጀል አይደለም። ወንጀልን ሳያሳውቁ መቅረትን የሚመለከተው አንቀጽ 443 ዋና ትኩረቱ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጡ ወንጀሎች ናቸው። ይልቅ አንቀጽ 399 ወደ ባለሙያው ይዞራል፦ ሐኪም፣ አዋላጅ፣ ነርስ ወይም ፋርማሲስት በሥራው ያወቀውን ምስጢር ቢያወጣ፣ የምስጢሩ ባለቤት የሆነችው ሴት አቤት ካለች ይቀጣል። ወረዳ ሄዶ ማስመዝገብም የለም። በ2004 የወጣው የወሳኝ ኩነት አዋጅ 760 የሚመዘግበው ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺንና ሞትን የመሳሰሉትን እንጂ የጨነገፈ ፅንስን አይደለም። (ሌላ አገር በተቃራኒው ተሞክሯል። በ2005 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በአሜሪካ ቨርጂንያ ጆን ኮስግሮቭ የተባለ የምክር ቤት አባል፣ ሐኪም በሌለበት ፅንስ የሞተባት ሴት በ12 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ እንድታሳውቅ የሚያስገድድ ረቂቅ አቅርቦ ነበር። ቁጣው ሲበረታበት ራሱ ስቦታል።)

ታዲያ ጤና ጣቢያው የሚልከው ሪፖርት ምንድን ነው? ቁጥር ነው። ወሩ ከ21 እስከ 20 ይቆጠርና ስንት ሴቶች አገልግሎቱን እንዳገኙ በዕድሜ ተከፋፍሎ ዲኤችአይኤስ ቱ በሚባለው የጤና መረጃ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ይገባል። ስም አብሮ አይሄድም። በአገራችን መመሪያ ውርጃ የሚባለው፣ በራሱ የጨነገፈውም ጭምር፣ ከ28ኛው የእርግዝና ሳምንት በፊት ያለው ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሞተ ፅንስ በሌላ መንገድ ይታያል፣ የሞቱ ምክንያት በባለሙያዎች ይገመገማል። ያም ቢሆን ዓላማው አሠራሩን ማረም እንጂ እናቲቱን መክሰስ አይደለም።

ስም የሚገኘው ክፍሉ ውስጥ ባለው ሬጅስተር ላይ ነው። ትልቁ መዝገብ አዋላጇ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ከዋለ፣ ተከትላ የምትገባው ታካሚ ወንበሩ ላይ ሆና የቀዳሚዋን ስም፣ ዕድሜና ምርመራ እንደ ጋዜጣ ታነባለች። መፍትሔው አንድ ካርቶን ነው፤ ካለፉት መስመሮች ላይ ይጣልባቸዋል። ይህን የሚያደርጉ ክፍሎች አሉ፤ ባይበዙም።

መስኮቱ ጋ እንምጣ። ካርድ የሚያወጣው ሠራተኛ "ምንሽን ነው ያመመሽ?" ብሎ የሚጠይቀው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ወዴት እንደሚመራት ማወቅ አለበት። ችግሩ ከኋላዋ የተሰለፈው ሁሉ ጎረቤት መሆኑ ነው፤ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ሰው ይተዋወቃል። "የማህፀን ድንገተኛ ነው፣ አዋላጅ ጋ አስገቡኝ" ማለት ይበቃል። ደሙ ከበዛ ግን ምስጢር ብሎ ዝም ማለት አይገባም፦ "እየደማሁ ነው" ብሎ ያለ ወረፋ መግባት ነው፣ ካርዱን አብሮ የመጣ ሰው ያወጣዋል። በአንድ ሰዓት ሁለት ሞዴስ የሚያርስ ደም ለሁለት ተከታታይ ሰዓት ከቀጠለ፣ ራስ የሚያዞር ከሆነ ወይም ትከሻ ላይ የሚሰማ ሕመምና የሆድ ቁርጠት ከመጣ ለባጃጅ ዋጋ መከራከሪያ ጊዜ የለም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ውስጥ ያለው ሥራ ባብዛኛው ጥሩ ነው። ደም ግፊትና የልብ ምት ይለካል፣ የመጨረሻው ወር አበባ ቀን ይጠየቃል፣ የደም መጠንና የደም ዓይነት ይታያል፣ የማህፀን በር በሚያሳየው መሣሪያ በስፔኩለም ይመረመራል። ማህፀኑ እስከ 12 ወይም 13 ሳምንት ያህል ሆኖ የቀረ ነገር ካለበት በኤምቪኤ፣ ማለትም በእጅ በሚሠራ መምጠጫ፣ ይጠረጋል፤ አለዚያ ማህፀን የሚያኮማትረው ክኒን ሚዞፕሮስቶል ይሰጣል፦ 600 ማይክሮግራም የሚዋጥ ወይም 400 ከምላስ ሥር። ኤምቪኤው ራሱ ደቂቃዎችን ብቻ ይወስዳል። ብዙ ጊዜ የሚጓደለው ማስታገሻው ነው። አይቡፕሮፌኑ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ መዋጥ አለበት፤ አልጋ ላይ ከወጡ በኋላ የተሰጠ ክኒን ሕመሙ ካለፈ ነው የሚደርሰው። የሚያደነዝዘው መርፌ፣ ሊዶካይኑ፣ ተወግቶም ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ወረፋ ሲበዛ የምትዘለለው ያቺ ጥበቃ ናት፣ ታካሚዋ ስትጮህ ደግሞ ኮሪደሩ በሙሉ ይሰማል። "መጀመሪያ ማስታገሻ ስጡኝ" ማለት መብት ነው።

የወጣው ነገር በወንፊት ታጥቦ በብርሃን መታየት አለበት። ካልታየ ሁለት ነገር ያመልጣል፦ የቀረ ሥጋ ካለ ከቀናት በኋላ ደምና ትኩሳት ይዞ ይመለሳል፤ የእርግዝና ሥጋ ጭራሹን ካልተገኘ ደግሞ ፅንሱ ከማህፀን ውጭ ሊሆን ይችላል፣ ያ ገዳይ ነው። "አይታችሁታል?" ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። ሌላው ማወቅ ያለበት፣ የሽንት ምርመራ እስከ አራት ሳምንት ድረስ እርግዝና አለ ሊል ይችላል። እንቁላል ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊለቀቅ ስለሚችል ስለ መከላከያ ይነገራል፤ የሚወሰደው ግን ሴትየዋ ከፈለገች ነው።

አንዳንድ ክፍል ውስጥ "ራስሽ ነሽ ያስወረድሽው?" የሚል ጥያቄ በቁጣ ይወረወራል። በሕክምናው ላይ የሚጨምረው ነገር የለም፤ የቀረው ነገር የሚጠረገው በሁለቱም በኩል በአንድ መንገድ ነው። የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ወደ ውስጥ የገባ ነገር ነበር ወይ፣ ምን መድኃኒት ተወስዷል፣ ትኩሳት አለ ወይ? ይህን በእርጋታ፣ ባልም አማትም በሌሉበት የሚጠይቅ አዋላጅ ያለበትን ቤት ያዙት። መጋረጃ በር አይደለም፤ ከበስተጀርባው የተቀመጠችው እናት ሁሉንም ትሰማለች።

የግል ክሊኒኩ በሩን ይዘጋል፣ ወረፋውም አጭር ነው። ግን መጀመሪያ ኤምቪኤ የሚሠራ ባለሙያና ፈቃድ እንዳለው ይጠየቅ፤ አልትራሳውንድ አንስቶ ብር ተቀብሎ "ጤና ጣቢያ ሂጂ" የሚል አለ። ደረሰኙም ይታይ፤ የአገልግሎቱ ስም ተጽፎበት ቦርሳ ውስጥ ይገባና ማታ ሌላ ሰው ያገኘዋል። "ሕክምና" ተብሎ እንዲጻፍ ደረሰኙ ሳይቆረጥ በፊት ይነገር። የአልትራሳውንድ ፎቶ ለምክክር በቴሌግራም የሚላክ ከሆነ ስሙ ይሸፈን።

ትልቁ ቀዳዳ የሕመም ፈቃዱ ነው፤ በተለይ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሚሠሩ ሴቶች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 የሚጠይቀው ዕውቅና ካለው የሕክምና ተቋም የተሰጠ ማስረጃ ነው። ቅጹ ላይ ያለችው የዲያግኖሲስ መስመር ግን "ኢንኮምፕሊት አቦርሽን" (ያልተሟላ ውርጃ) ተብላ ትሞላና የሰው ኃይል ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ታርፋለች። ለሐኪም ይህ በራሱ የጨነገፈውንም ይጨምራል፤ ለሺፍት አለቃዋ ግን ሆን ብላ ያስወረደች ማለት ነው። ሐኪሙ ሳይፈርም በፊት "የማህፀን ሕክምና" ወይም "የሕክምና ዕረፍት" ተብሎ እንዲጻፍ መጠየቅ ነው። የዕረፍቱ ቀን ቁጥር በዚህ አይቀንስም። ማኅተም ከተመታ በኋላ ማስቀየር ከባድ ነው።

ስልክም አለ። ለክትትል የሚደውል ተቋም ጎበዝ ነው፤ ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር የባል ከሆነ ግን ጉድ ይፈላል። የራስን ቁጥርና የሚመቸውን ሰዓት ማስጻፍ፣ "ሌላ ሰው ካነሳ ዝጉት" ማለት ይቻላል።

ምስጢር ከወጣ አቤቱታው በጽሑፍ መጀመሪያ ለተቋሙ ኃላፊ ይሰጣል፣ ቅጂውም ይቀራል። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321 የጤና መረጃን ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል፤ ይጠቀስ። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የግል ክሊኒክ ከሆነ ቀጥሎ ያለው በር የከተማው ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ድንበሩን ተሻግሮ ለገጣፎ ከሆነ ግን የሸገር ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት ነው፤ ወደ ተሳሳተው የሄደ ወረቀት ቀናት ይበላል። ማመልከቻው ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የትኛው መስኮት ወይም ክፍል እንደሆነና የተባለው ቃል ይጻፍ። የሕመሙን ዓይነት መጻፍ አያስፈልግም፤ የካርድ ቁጥሩ ይበቃል።