የሐሙስ ከሰዓት የፈውስ ጸሎት በጅማ፦ የአራት ወር ተመላላሽ አስተያየት

በጅማ ከተማ በምትገኝ አንዲት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ዘወትር ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ የሚካሄደውን የፈውስ ጸሎት መርሐ ግብር ከአክስቴ ጋር ለአራት ወራት ያህል ተከታትያለሁ። ስለ ምግብ ቤትና ስለ ሆቴል አስተያየት መስጠት የተለመደ ነው፤ ስለ ጸሎት አገልግሎት መጻፍ ግን ድፍረት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ሕመምተኛ ደግፎ ከጅማው መርካቶ በባጃጅ የሚመጣ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። የምመዝነውም የአገልጋዮቹን አሠራር ነው፤ የእግዚአብሔርን ሥራ ለመመዘን አቅሙም ሥልጣኑም የለኝም።

አክስቴ ለረጅም ዓመታት የስኳር ሕመም ያለባት፣ ኢንሱሊን የምትወስድና በቀኝ እግሯ አውራ ጣት ሥር ቁስል የወጣባት ሴት ናት። ወደዚህ ከመምጣታችን በፊት ወደ ሌላ የጸሎት ስፍራ ሄደን ነበር፤ የተፈጠረውን ሳልናገር ብቀር የዚህኛውን ዋጋ ማስረዳት አልችልም። በዚያ ስፍራ ያገለገለው ሰው ከጸለየላት በኋላ እግሯን መሬት ላይ እንድትመታ አዘዛትና «ያምሻል?» ብሎ ጠየቃት። «አያመኝም» አለች፤ አዳራሹ በጭብጨባና በእልልታ ተናወጠ። ነገር ግን ቁስሉ ከመጀመሪያውም አያማትም ነበር። ስኳር ለረጅም ጊዜ በደም ውስጥ ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግርን ነርቮች ስለሚጎዳ፣ ሕመምተኛው ሚስማር ቢወጋው እንኳ ላይሰማው ይችላል፤ አደገኛነቱም ይኸው ነው። አክስቴ የተነገራትን አምና ለሁለት ሳምንት ቁስሏን ሳታሳጥብ ቀረች፣ ቁስሉም ጠለቀ። ተመልሰን ስንሄድ የተሰጣት መልስ ጥርጣሬ አስገብታ ፈውሷን እንዳጣች የሚገልጽ ነበር። አንዲት አሮጊት በቁስሏ ላይ ጥፋተኝነት ተጨምሮባት ወደ ቤቷ ገባች።

የሐሙሱ ጸሎት በአሠራሩ ከዚህ እጅግ ይለያል። በመዝሙርና በአጭር ስብከት ይጀመራል፤ ንግግሩ ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ ይተረጎማል። ከዚያም ሕመምተኞች በተራ ቁጥራቸው እየተጠሩ ሦስት ሦስት አገልጋዮች ወዳሉባቸው ማእዘኖች ይሄዳሉ። አክስቴን የተቀበለቻት ሴት እጇን ከመጫኗ በፊት «እማማ፣ ልንካዎት ይፈቅዳሉ? ሐኪሞቹስ ምን አሉዎት?» ብላ ጠየቀቻት። ሁለተኛው ጥያቄ በጸሎት ቤት ሲነሣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ከጠየቀች በኋላ ግን ጸሎቷ የተለሳለሰ አልነበረም፤ «ጌታ ሆይ፣ ይህችን እግር ፈውሳት፤ ደሟ እስከ ጣቷ ጫፍ ይድረስ» እያለች በድፍረት፣ ልጅ አባቱን እንደሚለምን ለመነች። ሐዋርያው ያዕቆብ ሽማግሌዎች ለታመመው ዘይት ቀብተው እንዲጸልዩለት ባዘዘው መሠረት የወይራ ዘይትም ቀቧት። ለዘይቱም ሆነ ለጸሎቱ የሚከፈል ገንዘብ የለም፤ ፖስታም አይዞርም።

አክስቴ በሁለተኛው ሳምንት «ልጄ፣ የእኔ እምነት ትንሽ ናት፤ ለዚህ አትበቃም» አለቻት። የተሰጣትን መልስ ዛሬም አስታውሰዋለሁ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 የታመመ ልጁን ያመጣው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ መጮኹን፣ ልጁም በዚያ በተሰነጠቀ እምነት መፈወሱን አገልጋይዋ ነገረቻት። ቀጥላም በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 2 አራት ሰዎች ተሸክመው ጣሪያ ነድለው ያወረዱትን ሽባ ጠቅሳ፣ ኢየሱስ የተመለከተው የተሸካሚዎቹን እምነት መሆኑን አስረዳቻትና «እርስዎ ዛሬ ተኝተው ይምጡ፣ ማመኑን እኛ እንሸከማለን» አለቻት። ያዕቆብ «በምንም ሳይጠራጠር በእምነት ይለምን» ማለቱን ጠቅሶ የሚከራከር ሊኖር ይችላል። እኔ እንደሚገባኝ ግን የዚህ እምነት ማረፊያ የሚለመነው ጌታ እንጂ የለማኙ ስሜት አይደለም።

ከሁሉ በላይ ያከበርኩት የምስክርነት ሥርዓታቸውን ነው። ተፈወስኩ የሚል ሰው መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ለሐኪም እንዲታይ ይጠየቃል፤ መድኃኒትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቋረጥም። ይህን የእምነት ማነስ ነው የሚሉ አሉ። ሆኖም ኢየሱስ የለምጹን ሰው ከፈወሰው በኋላ ሄዶ ራሱን ለካህን እንዲያሳይ አዞታል፤ በዘሌዋውያን ሕግ ቆዳን መርምሮ ነጽቷል ወይም አልነጻም የሚለው ካህኑ ነበርና። እውነተኛ ፈውስ ምርመራ የሚያስፈራው ምን ቆርጦት? ንጉሥ ሕዝቅያስም አልቅሶ ጸልዮ 15 ዓመት ሲጨመርለት፣ በእባጩ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት ኢሳይያስ አዟል። አክስቴ ይህን ታሪክ ከሰማች ወዲህ ጠዋት በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማእከል ቁስሏን ስታሳጥብ «በለሴን ላስደርግ ሄድኩ» ማለት ጀምራለች።

ጉድለቶቹን ልደብቅ አልፈልግም። ሐሙስ የጾም ጸሎት ቀን በመሆኑ አክስቴ በመጀመሪያው ቀን ኢንሱሊኗን ወስዳ፣ ቁርስና ምሳ ሳትበላ መጣች። ወረፋ ላይ ሳለች ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ስኳሯ ወርዶ ነበር። አንድ ወጣት ሮጦ ስኳር የበዛበት ሻይ ባያመጣ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ሕመምተኞች እንዳይጾሙ የሚል ማስታወቂያ የተነገረው ከዚያ በኋላ በስብከቱ መካከል ነበር፤ ይህ በበር ላይ በትልቁ ተጽፎ መለጠፍ አለበት። ማእዘኖቹን የሚለየው ስስ መጋረጃ በመሆኑ የሌላ ሰው የሆድ ምሥጢር ሳይፈልጉ ይሰማሉ፤ በተለይ ለሴቶች ይህ ከባድ ነው። ድምፅ ማጉያው ከአዳራሹ ስፋት በላይ ነው። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ደግሞ ይባስ ከፍ ያደርጉታል። መግቢያው ላይ አምስት ደረጃዎች ቢኖሩም መደገፊያ የላቸውም፣ በክረምት ጭቃው ያንሸራትታል፤ ሽባውን የተሸከሙት አራት ሰዎች እዚህም ያስፈልጋሉ።

ቁስሉ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልደረቀም። ነርሷ በየሳምንቱ እየለካች ስፋቱ እየጠበበ መሆኑን ትነግረናለች። ባለፈው ሐሙስ ምስክርነት እንድትሰጥ አገልጋዮቹ ሲጠይቋት «ሲዘጋ ሐኪሙ ይየውና እወጣለሁ፤ እስከዚያ መለመኔን አልተውም» አለቻቸው። በሚቀጥለው ሐሙስም እንሄዳለን፤ ምሳዋን በልታ፣ በቦርሳዋ ከረሜላ ይዛ።