ጢስ ዓባይ፦ ትኬቱ የሚያዋጣው በየትኛው ወር ነው?

ጢስ ዓባይ በመስከረም አጋማሽና በጥቅምት አምስት ኮከብ ይገባዋል፤ በመጋቢት ሁለት፣ ያውም ለጥንታዊው የአላታ ድልድይ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ «ፏፏቴው የታለ?» የሚል እንግዳ መልሱን የሚያገኘው እዚያው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨራ ጨራ በተባለው ባለ በር የውሃ መቆጣጠሪያ ግድብ ላይ ነው።

ጢስ ዓባይ አንድ የተባለው የኃይል ማመንጫ ጣቢያ ውሃውን ከፏፏቴው በላይ ይጠልፋል፤ በቦይ አዙሮ፣ ተርባይኑን አሽከርክሮ፣ ከገደሉ በታች ለወንዙ ይመልሳል። ተርባይን የገባ ውሃ በፏፏቴው አይወርድም። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1964 ለከተማዋና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ኃይል መስጠት ሲጀምር 11.4 ሜጋ ዋት ብቻ ስለነበር ገደሉ ብዙም አልተጎዳም። ነገሩ የተለወጠው በ2001 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) 73 ሜጋ ዋት ያለው ሁለተኛው ጣቢያ ሲጨመር ነው። የጨራ ጨራ በሮችም፣ በ1996 ሁለት የነበሩት፣ ያኔ ሰባት ሆኑ። ሐይቁን ከባሕር ጠለል በላይ በ1784 እና በ1787 ሜትር መካከል ይዘው ክረምት ያጠራቀመውን ለበጋ ያካፍላሉ። በ2003 ጣና እጅግ ወርዶ ጀልባዎች ለወራት ቆመው ነበር። ከ2010 ወዲህ ደግሞ ጣና በለስ የተባለው ሌላ የኃይል ማመንጫ ከሐይቁ ራሱ በ12 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ይወስዳል፤ ያ ውሃ ጨራ ጨራን ጭራሽ አያያትም።

ሐምሌ ላይ የሚያገሳው ድፍርስ ውሃ አያታላችሁ፤ ብዙው የአንዳሳና የሌሎች ገባሮች ጎርፍ ነው፣ ዝናቡ ሲያባራ ይጎድላል። ጣና ራሱ የሚሞላው ዘግይቶ፣ መስከረም ላይ ነው። በበጋ የምትሄዱ ከሆነ በሮቹ ምን ያህል እንደተከፈቱ ቀድማችሁ አጠያይቁ።

አስጎብኚዎች ስለ 1626ቱ የአላታ ድልድይ አሳምረው ይተርካሉ። ስለ ጨራ ጨራ ግን ካልጠየቃችኋቸው አያነሱም፤ ጠይቁ፣ የከፈላችሁበት ነው። ትኬቱ የሚቆረጠው ጢስ ዓባይ ከተማ ውስጥ ስለሆነ ሳትይዙ ወደ ወንዙ አትውረዱ። በድልድዩ ሄዶ በጀልባ መመለስ ይሻላል፤ ወንዙ ሲሞላ ጀልባው ስለሚቆም ግን በመጡበት ለመመለስ ጊዜ ያዙ። ጭቃው ያንሸራትታል፣ ጥርስ ያለው ጫማ አድርጉ። የኃይል ማመንጫውን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጥበቃውን አስፈቅዱ።