ፓምፕ ከመግዛት ላዳኑን የአዘዞው መካኒክ

ይህ ምስጋና ዘግይቷል። ሥራው ሰኔ ላይ አልቆ እኔ የምጽፈው አሁን ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሰው ስለ ትራክተር ዘይት ጠይቆኝ ለሦስቱም ያንኑ ታሪክ ደጋግሜያለሁ። አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ከታላቅ ወንድሜ ጋር አንዲት ትንሽ ኩቦታ ትራክተር አለችን። ያገለገለች ናት። ደንቢያ፣ ከቆላድባ ወረድ ብሎ፣ የአባታችንን ማሳ ታርሳለች፤ ጊዜ ሲተርፋት ለጎረቤት ትሠራለች። አፈሩ ዋልካ ነው። ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲርስ ሙጫ። በመሀል ያሉት ጥቂት ቀናት ካመለጡ በቃ አመለጡ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ዘይት አስቀየርን። የት እንደሆነ አልናገርም። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ እኛም "ጥሩ ዘይት አድርጉባት" ከማለት ሌላ የጠየቅነው የለም። 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት ሞሉባት። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ወንድሜ ማረሻውን ሊያነሳ ቢል የኋላዎቹ ክንዶች ንቅንቅ አላሉም። ዘይት ገፍቶ ክንዶቹን የሚያነሣው ፓምፕ ያላዝናል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከሞቀች በኋላ ክንዶቹ ወገቡን እንደታመመ ሰው ቀስ እያሉ ተነሡ። ፍሬኑ ደግሞ በተረገጠ ቁጥር ይጮኻል። የቤቱ ውሻ ሳይቀር አብሮ ይጮህ ጀመር።

"ፓምፑ ሞቷል" አለን አንዱ። ሌላውም አይቶ "ሞቷል" አለ። የአዲስ ፓምፕ ዋጋ ሲነገረን ወንድሜ ዝም አለ። በዚያ ገንዘብ ደህና የእርሻ በሬ ይገዛል። "ሸጠናት ወደ በሬያችን እንመለስ" አለ። ቀልዱን ነው፤ ግን ጨርሶ ቀልድ አልነበረም።

"መጀመሪያ እሳቸው ይዩዋት" ያለን አዘዞ የሚኖር የአክስታችን ልጅ ነው። ስማቸውን አልጽፍም። "ስሜን ኢንተርኔት ላይ እንዳላይ" ብለው አስምለውኛል። እዚህ ጋሼ እላቸዋለሁ።

ትራክተሯን በአይሱዙ ጭነን ደረስን። ጋሼ ቁልፍ አላነሡም። በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ መጠየቅ ጀመሩ። መቼ ጀመራት? ዘይት ከመቀየሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሲቀዘቅዝ ይብስባታል ወይስ ሲሞቅ? ፍሬኑና ማንሻው እኩል ነው የታመሙት? ለመጨረሻው "አዎ፣ በአንድ ቀን" ስላቸው ፈገግ አሉ። ከዚያ ተነሥተው የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዙ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሀል አሹት። አሸተቱት። ወደ እኔም አስጠጉት።

"ምን ይሸታል?"

"ክብሪት።"

"ድኝ ነው። ይሄ የአይሱዙ ዲፈረንሻል ዘይት ነው፤ የዚች ዘይት አይደለም።"

ቀጥሎ የነገሩኝን በራሴ አፍ ልንገራችሁ። በጭነት መኪና ላይ ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለው፣ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ዲፈረንሻልም የራሱ፣ ፍሬኑም የራሱ። እንደኛ ባለች ትንሽ ትራክተር ግን ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉ፣ ክንዶቹን በዘይት ግፊት የሚያነሣው ሃይድሮሊክና ፍሬኑ አንድ ቤት ውስጥ ናቸው። የሚጠጡትም አንድ ዘይት ነው። ስለዚህ ያ ዘይት አራት ጌታ አለው። ጥርሶቹ እንዳይበላሉ ጫና መሸከም አለበት። ፓምፑ እንዳይታነቅ ደግሞ ቀጠን ብሎ በቶሎ መፍሰስ አለበት። አረፋ መያዝ የለበትም። ከሁሉ የሚረሳው ፍሬኑ ነው። ሸራዎቹ ዘይቱ ውስጥ ተነክረው ነው የሚሠሩት። መንሸራተቱንም መያዙንም ልክ የሚያስገባ የተለየ ቅመም ዘይቱ ውስጥ ከሌለ፣ ሸራው ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ እያለ ይጮኻል። ውሻችንን ያስጮኸው እሱ ነበር።

የማንሻውስ? "ጥሬ ማር በቀጭን ሸምበቆ ምጠጥ ብትባል ምን ትሆናለህ?" አሉኝ። በዝናብ ጠዋት ወፍራሙ ዘይት በፊልትሮው በኩል ወደ ፓምፑ አይደርስም፤ ፓምፑ ባዶ ይስብና ያላዝናል። ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ክንዶቹም ይነሣሉ። በዚያ ላይ ጂኤል-5 የተባለው የካምቢዮ ዘይት ያ ድኝ ያለበት ቅመም ይበዛበታል። ነሐስ ያለበት ቦታ ከቆየ ነሐሱን ሊበላው ይችላል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፤ እኔ ራሴ ተሸውጄበት ስለነበር። 90 ትልቅ ቁጥር ስለሆነ ከ40 ቁጥር የሞተር ዘይት እጥፍ የሚወፍር ይመስላል። አይደለም። የካምቢዮና የሞተር ዘይት ቁጥሮች መለኪያቸው ለየቅል ነው፤ 90 የካምቢዮ ዘይት ውፍረቱ ከ40 ወይም ከ50 የሞተር ዘይት ብዙም አይርቅም። 46 እና 68 የሚባሉት የሃይድሮሊክ ዘይቶች ደግሞ ሦስተኛ መለኪያ አላቸው፤ የሚለኩት በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ቁጥር ከቁጥር እያወዳደሩ ዘይት መግዛት ኪሎን በሜትር እንደመግዛት ነው።

እንግዲህ ጋራዣቸው ጥግ ላይ 68 ሃይድሮሊክ ዘይት በበርሜል ቆሟል። አየሁት። "ከዚያው ቅዱልንና ይለቅ" አልኳቸው። ቢፈልጉ ያንኑ ሞልተው ገንዘባቸውን ይቀበሉን ነበር፤ እኛ ምን እናውቃለን? "እሱ ለሎደር ነው፤ ፍሬኑ ዘይት ውስጥ ላልሆነ" አሉና ካርቶን ቀደው ጻፉልኝ። ይህን ሁሉ የምጽፈው በዚያች ካርቶን ምክንያት ነው።

ካርቶኗ ላይ ያለው ይህ ነው። የዘይቱ ዓይነት ዩቲቲኦ፣ ማለትም የትራክተር ካምቢዮና ሃይድሮሊክ ዘይት። ኩቦታ የራሱን ሱፐር ዩዲቲ ይለዋል። እሱ ከጠፋ፣ ጀርባው ላይ የኩቦታን ዩዲቲ መስፈርት አሟላለሁ ብሎ በግልጽ የጻፈ የታወቀ ዘይት። ከሥር ደግሞ የሌሎቹን ትራክተር ሠሪዎች መስፈርት አክለውልኛል፦ የጆን ዲር ጄ20ሲ፣ የማሴ ፈርጉሰን ኤም1145። ደህና ዩቲቲኦ ብዙውን ጊዜ እነዚህን አንድ ላይ ይደረድራል። ኤስቲኦዩ የሚል ካያችሁ እሱ ሞተሩንም ጨምሮ እንዲያገለግል የተሠራ ነው፤ ማኑዋላችሁ ካልፈቀደ እለፉት።

ካርቶኗን ይዤ ሱቅ ዞርኩ። አንደኛው ቀይ ዘይት አወጣልኝ፣ የመሪ ዘይት። "ሃይድሮሊክ ሃይድሮሊክ ነው" አለኝ። ቀለሙ ማቅለሚያ እንጂ መስፈርት አይደለም። ሁለተኛው ትልቅ ባልዲ አሳየኝ፤ የትራክተር ሥዕል አለበት፣ ዋጋው ደስ ይላል። ጋሼ ጋ ደወልኩ።

"ገልብጠህ ጀርባውን አንብብልኝ።"

አነበብኩ። ለሁሉም ትራክተር ይላል፤ 303 ይላል። ሌላ ምንም የለም።

"አስቀምጥና ውጣ።"

ማታ ለምን እንደሆነ ሲነግሩኝ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። 303 ድሮ የጆን ዲር ዘይት ነበር። ፍሬኑን ልክ የሚያስገባው ቅመሙ የሚሠራው ከዓሣ ነባሪ ዘይት ነበር። አሜሪካ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የዓሣ ነባሪ ዘይት ስታግድ ያ ዘይት ቀረ፤ በእሱ ፋንታ ሌሎች መስፈርቶች ወጡ። ቁጥሯ ግን ርካሽ ባልዲ ላይ እስከዛሬ ትኖራለች። በኋላ ፈልጌ አነበብኩት፤ እውነት ነው። ደንቢያ ላይ የሚጮህ ፍሬን ከዓሣ ነባሪ ጋር ይገናኛል ብሎ ማን ያስባል?

ሦስተኛው ሱቅ ትክክለኛው ተገኘ።

ጋሼ መጀመሪያ ሞተሩን አስነሥተው ዘይቱ ሞቅ እስኪል ጠበቁ። ከዚያ የሥር ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትተው ከላዩ በተቆረጠ ጄሪካን ተቀበሉ። ከመጨረሻው ቡሎን ማግኔት ላይ የተጣበቀውን ዝቃጭ በጨርቅ ጠርገው ፀሐይ ላይ አሳዩን። እንደ አመድ የላመ ነው። "ይሄ ደህና ነው። ስባሪ ብናገኝ ኖሮ ሌላ ወሬ እናወራ ነበር።" ፊልትሮውን ቀየሩ። አሮጌው ዘይት ጠብ እስኪል ድረስ አይወጣምና፣ ጥቂት ቀን ቀላል ሥራ ሠርታ ፊልትሮው እንደገና እንዲቀየር አዘዙ። ከሞሉም በኋላ ክንዱን ወዲያው አላነሡም። በዝግታ አሠርተው፣ መሪውን ግራ ቀኝ አዙረው፣ ከዚያ ክንዱን ሦስት አራት ጊዜ አነሡና አወረዱ። ክንዶቹን መሬት አስነክተው፣ ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ዘይቱን እንደገና ለኩ። ጎድሎ ነበር፤ ጨመሩ።

ክንዶቹ በማግስቱ ጠዋት፣ በቀዝቃዛ ሞተር፣ ተነሡ። ጩኸቱ ወዲያው አልጠፋም። ይህንንም አስቀድመው ነግረውን ነበር፤ ሸራው የጠጣውን አሮጌ ዘይት እስኪተፋ ጊዜ ይወስዳል። በሳምንቱ ለቀቀን። ቀኙ ፍሬን እስካሁን ትንሽ ይስባል። ፓምፑንም "ጤነኛ ነው ብዬ አልምልም፤ ግን አልሞተም" ነው ያሉን። ያስከፈሉን የእጃቸውን ብቻ ነው።

ከነጉድለታቸው ልንገራችሁ። ስልክ ቶሎ አያነሡም። ቸኩሎ የመጣ ሰው አይወዱም፤ ቡና ሳይጠጡ ቡሎን አይነኩም። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም አታገኟቸውም፤ ጎንደር ነውና አቤቱታ የለም። መተማ ሰሊጥ ላይ የሚሠራው ዘመዳችን ደውሎላቸው "ቆላው ሙቀት ነው፣ ቀጠን ያለውን ላድርግ ወይስ የሚወፍረውን?" ሲላቸው፣ ጄ20ዲ የተባለው ቀጭኑ ለብርድ አገር ነው፣ መደበኛውን ብቻ አድርግ ብለው በሁለት ደቂቃ ጨርሰውለታል። እንግዲህ በቡና ሰዓት ደውሎላቸው ይሆናል።

የምትሄዱ ካላችሁ ማኑዋሉን ወይም የትራክተሩን ስም ሰሌዳ ፎቶ ያዙ። ስንት ሰዓት እንደሠራች ከቆጣሪው አንብቡ። ካለው ዘይት በንጹሕ የውሃ ጠርሙስ ትንሽ ቅዱ። ጠርሙሱ ውስጥ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ክረምቱን ደጅ ያደረች ትራክተር ላይ ይህ ይበዛል። አዘዞ ደርሳችሁ "የትራክተሩ ጋሼ" ብትሉ ባለ ባጃጆቹ ያደርሷችኋል።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን ካነበበችልዎ፦ እግዜር ይስጥልን። ባልዲዎ እኛ ጋ ቀርታለች። ወንድሜ እሑድ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ያመጣልዎታል።