ዘጠኝ ወር ከቫዮሊን ቤዝ ጋር፦ የማካርትኒ መልክ የትኛው ነው?

ባለፈው ጥቅምት የአክስቴ ልጅ ከፍራንክፈርት ሲመጣ ቤዝ ጊታር ይዞልኝ መጣ። ቅርጹ ቫዮሊን ነው። ያገለገለ ነው፣ ኮፒም ነው፤ ዋናውን የሚሠራው የጀርመኑ ሆፍነር ፋብሪካ ሥራ አይደለም። የሠሪውን ስም አልጠራም፤ ወደ ታች ስወርድ ላማው ስለሆነ ይቅር። አሁን ሰኔ ነው። የጥርን ሰርግ ሙሉውን፣ የሚያዝያን በከፊል ሠርቼበታለሁ። ስለዚህ አሁን ብናገር ቸኮለ የሚለኝ የለም።

እውነቱን ልናገርና የፈለግኩት ለድምፁ አይደለም። ለመልኩ ነው። የቢትልስ ባንዱ ፖል ማካርትኒ ያንን ቤዝ ይዞ የቆመበትን ፎቶ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ለአክስቴ ልጅ "የማካርትኒን ዓይነት ፈልግልኝ" አልኩት። እሱ ጠንቃቃ ነው። "የትኛውን?" ብሎ ሁለት ፎቶ ላከልኝ። በአንዱ ሁለቱ ፒክአፖች፣ ማለትም የክሩን ንዝረት የሚቀበሉት ማግኔቶች፣ አንገቱ ሥር ተጠጋግተዋል። በሌላው አንደኛው አንገቱ ሥር ነው፣ ሁለተኛው ክሮቹ ሆዱ ላይ ወደሚያርፉበት ድልድይ፣ ወደ ብሪጁ፣ ርቋል። "ያው ነው፣ የተመቸህን አምጣ" አልኩት።

ያው አልነበረም።

ማካርትኒ የመጀመሪያውን ሆፍነር የገዛው እ.ኤ.አ. በ1961 ሃምቡርግ ውስጥ ነው። ስቱዋርት ሳትክሊፍ ከቢትልስ ሲወጣ ቤዙን የሚይዝ ጠፋና ዕዳው እሱ ላይ ወደቀ። የአሜሪካው ፌንደር ቤዝ 100 ፓውንድ አካባቢ ያወጣ ነበር፤ ሆፍነሩ 30 ገደማ። በዚያ ላይ ሰውየው ግራኝ ነው። ሌላ ጊታር ሲገለበጥ ቀንዱ ወደ ታች ይዞርና ያስቃል። ቫዮሊን ግን ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ በየትኛውም በኩል ቢይዙት ያምራል። እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ ያማለለኝ መልክ የኪስ ጉዳይ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳነብ ትንሽ ተናደድኩ፣ ከዚያ ሳቅኩ። እኔም ኮፒውን የገዛሁት ዋናው አቅሜን ስላለፈ አይደል?

ያ የ1961 ቤዝ በ1964 መልኩን ቀየረ። ከመድረክ ብዛት ተጎሳቁሎ ስለነበር ታድሶ ጠቆር ባለ ሰንበርስት (መሃሉ ፈካ፣ ዳር ዳሩ ጠቆር ያለ ቀለም) እንደገና ተቀባ። ሁለቱ ፒክአፖችም በአንድ ወጥ የእንጨት ማቀፊያ ውስጥ ገቡ። ከእድሳቱ በፊትና በኋላ የተነሡትን ፎቶዎች ጎን ለጎን ያየ ሰው ሁለት የተለያየ ዕቃ ይመስለዋል። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ መስሎኝ ነበር። ቤዙ በኦክቶበር 1972 ለንደን፣ ኖቲንግ ሂል ውስጥ ከመኪና ላይ ተሰረቀ። መገኘቱ የተሰማው በፌብሩዋሪ 2024 ነው። ከ51 ዓመት በኋላ!

ሁለተኛው ሆፍነር በ1963 የመጣው ነው። ፒክአፖቹ የተራራቁት በዚህኛው ላይ ነው። በፌብሩዋሪ 1964 በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ፕሮግራም አሜሪካ ያየችው እሱን ነው፤ ማካርትኒ እስከ ዛሬ መድረክ ላይ ይዞት የሚወጣውም እሱን ነው። የኔ ኮፒ የተሠራው በዚህኛው አምሳል ነው።

እንግዲህ ልዩነቱ የዓይን ብቻ አይደለም። ፒክአፕ ወደ ብሪጁ በተጠጋ ቁጥር ድምፁ ይሰላል፣ ይቀጥናል። ወደ አንገቱ ሲጠጋ ይወፍራል፣ ክብ ይሆናል። ለጭክችካ የሚያስፈልገኝ ክቡ ነው፤ ቤዙ ከከበሮው ሥር ገብቶ መግፋት አለበት። በሁለተኛው ወር የብሪጁን ፒክአፕ አጠፋሁት፤ ከዚያ ወዲህ አልከፈትኩትም። መልኩን ከ1963 ገዝቼ ድምፁን ወደ 1961 ጎትቼ ነው የምጫወተው። ለአክስቴ ልጅ ግን አልነገርኩትም።

አሁን ወደ ችግሩ። ብሪጁ ከሆዱ ጋር አልተጣበቀም፣ በብሎንም አልታሰረም። ልክ እንደ ቫዮሊን ክሮቹ ተጭነውት ነው የሚቆመው። ይህን አላወቅኩም። በታኅሣሥ አንድ ዓርብ ማታ አራቱንም ክሮች ባንዴ ፈታሁ። ብሪጁ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። የት እንደነበረ ምልክት የለም። በግምት መልሼ አቆምኩት። ቅዳሜ ሰርግ ላይ ታች ያሉት ፍሬቶች (አንገቱ ላይ የተደረደሩት የብረት መስመሮች) ልክ ናቸው፣ ወደ ላይ ስወጣ ግን ቅኝቱ ይሸሻል። አምባሰል ስንጫወት ኪቦርዲስታችን ዞር ብሎ ያየኝ አስተያየት አይረሳኝም። እሑድ ጠዋት ቁጭ ብዬ በመቃኛው እየለካሁ፣ ባዶውን ክርና 12ኛውን ፍሬት እያስተያየሁ አስተካከልኩት። ከዚያ በብሪጁ እግር ዙሪያ በእርሳስ አሰመርኩ። ክር ስቀይርም አንድ ባንድ ነው።

ያጽናናኝ ነገር ቢኖር ዋናውም ከዚህ ችግር ነፃ አለመሆኑ ነው። ማካርትኒ የ1963ቱን ሆፍነር ለብዙ ዓመታት አስቀምጦት የነበረ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ መልሶ እንዲያነሣው የገፋፋው እንግሊዛዊው ዘፋኝ ኤልቪስ ኮስቴሎ ነው። ከላይኛዎቹ ፍሬቶች ጋር ያለውን የቅኝት ጣጣ ባለሙያ ካስተካከለለት በኋላ ነው ደህና የተስማሙት።

ክብደቱ ግን ድንቅ ነው። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ከሁለት ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ተጫውቼ ትከሻዬን አያመኝም። ክሩም አጭር ነው፤ 76 ሴንቲሜትር ገደማ። የተለመደው ቤዝ 86 ነው። ጣቶቼ አጭር ናቸው፣ ስለዚህ ተመችቶኛል። ከሮሃ ባንድ ዘመን የጆቫኒ ሪኮን የቤዝ አካሄድ ስለማመድ እጄ ቶሎ ይደርሳል። ጥምጥሙ ጠፍጣፋ የሆነ ክር ካደረግኩበት በኋላ ደግሞ የድሮ ካሴት የሚመስል ድምፅ መጣ።

ባዶ መሆኑ መዘዝም አለው። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ስፒከሩ ሲጠጋው ይጮኻል። ከስፒከሩ ካልራቅኩ፣ ቤዙን ካልቀነስኩ አይሆንም። ብሪጁ አጠገብ ክሮቹ ሥር ስፖንጅ ስወሽቅ ትንሽ ረገበ። የኬብሉ መሰኪያም በአራተኛው ወር መንጫጫት ጀመረ። ውስጡ የነበረው ብየዳ እንደ ምራቅ የተተፋ ነው። አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ በአሥር ደቂቃ ጨረሰልኝ።

ሆዱን ከመጫር የሚከላከለው ሽፋን፣ ፒክጋርዱ፣ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በየካቲት አንዱ ብሎን ላልቶ ዝቅተኛውን ክር በመታሁ ቁጥር ይንዘረዘራል። አጠበቅኩት፣ ተመልሶ ላላ። ቀዳዳው ሰፍቷል። በመጨረሻ ካቻቢቴ አንሥቼ ነቀልኩት። መልኩን ያበላሸሁት መስሎኝ ከፍቶኝ ነበር። ማታ ቢትልስ በጃንዩዋሪ 1969 ጣሪያ ላይ የተጫወቱበትን ምስል ከፍቼ ሳይ፣ የማካርትኒም ፒክጋርድ የለም! በ1964 ነበረ፣ በ1969 የለም። በምትኩ ሆዱ ላይ "ባስማን" የሚል ተለጣፊ አለ፤ የፌንደር አምፕሊፋየር ስም ነው። በኋላ ደግሞ ተለጣፊውም ጠፋ። ስለዚህ የኔ አሁን ሳላስበው ከ1964 ወደ 1969 ተሸጋግሯል።

እዚህ ላይ ደፈር ብዬ ልቀጥልበት አምሮኝ ነበር። ማካርትኒ በ1965 የተሰጠው ሌላ ቤዝ፣ ሪከንባከር፣ መጀመሪያ ቀይ ነበር። በ1967 ቀለም ፈሰሰበት፤ በጁን በሳተላይት ለዓለም በተላለፈው ፕሮግራም ላይ እንደዚያው ሆኖ ታየ። ከዚያ ተፍቆ እንጨቱ ብቻ ቀረ። እኔም የብርጭቆ ወረቀት ገዛሁ። ከአንድ አናጺ ወዳጄ ጋር ስማከር ሆዱን በጣቱ አንኳኳና "ይሄ እኮ ወረቀት ነው፣ ትበሳዋለህ" አለኝ። ሪከንባከሩ ድፍን እንጨት ነው፣ የኔ ቀፎ ነው። የብርጭቆ ወረቀቱን ለበር ተጠቀምኩበት።

ድጋሚ ብትገዛ ትገዛለህ ወይ የሚለኝ ካለ፣ ለምግብ ቤትና ለትንሽ አዳራሽ አዎ። ፒክአፖቹ የተጠጋጉበትን ግን እመርጣለሁ። ለትልቅ አዳራሽ አሁንም የጓደኛዬን ድፍን ቤዝ እዋሳለሁ። በስልክ ፎቶ አይታችሁ የምትመርጡ ቢያንስ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ብሪጁ የሚቆምበት ቦታ ምልክት አለው?

አንድ ነገር ረስቼ። ማካርትኒ በ1966 ከመጨረሻው የቢትልስ ጉዞ የዘፈን ዝርዝሩን ቤዙ ጎን ላይ ለጥፎ እስከ ዛሬ አልላጠውም። የኛ ከበሮ መቺ ይህን ነግሬው የባለፈውን ቅዳሜ ዝርዝር በፕላስተር የኔ ላይ ለጠፈው። ትናንት ልልጠው ስሞክር ቫርኒሹ አብሮ መነሣት ጀመረ። ተውኩት። ሦስተኛው ዘፈን ላይ የሙሽራዋ ስም ተሳስቶ ተጽፏል።