ለመብራት ባለሙያው ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ጎፋ አካባቢ፣ አንዲት ትንሽ ጋራዥ ጥግ ላይ፣ የደበዘዘ የመኪና የፊት መብራት እያጸዳ የሚተዳደር አንድ ወጣት አለ። ይህን የምጽፈው እሱን ለማመስገን፣ እናንተንም ወደ እሱ ለመጠቆም ነው። መብራቴን ስላበራልኝ ብቻ አይደለም። የማያስፈልገኝን ዕቃ እንዳልገዛ ስላደረገኝም ነው።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ሞተሯ ግን አስቸግሮኝ አያውቅም። የፊት መብራቶቿ ናቸው ከዓመት ዓመት እየወየቡ መጥተው በመጨረሻ የዓይን ሞራ የያዛቸው የመሰሉት። ከተማ ውስጥ የመንገድ መብራት ስላለ ብዙም አይታወቅም። እናቴ ግን የምትኖረው ደብረ ሲና ነው፤ እሷን ለማየት በጣርማበር በኩል እመላለሳለሁ። ያን መንገድ የነዳ ያውቀዋል። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ የአስፋልቱ ጠርዝ ይጠፋል። ከዋሻው ወጥታችሁ ቁልቁለቱን ስትጀምሩ ደግሞ ጎኑ ገደል ነው። እዚያ ላይ ዓይኔን አፍጥጬ፣ ከፊቴ የሚሄደውን የጭነት መኪና የኋላ መብራት እየተከተልኩ የወረድኩበት ምሽት አለ። ከዚያ ወዲህ ነው መፍትሔ መፈለግ የጀመርኩት።

ምክር እንደሆነ አይጠፋም። አንዱ "በጥርስ ሳሙና ፈትጊው" አለኝ። ሌላው "ቤንዚን ነክረሽ ጥረጊው" አለ። አንድ የመኪና ጌጣጌጥ ሱቅ "አምፖሉን በኃይለኛ ኤልኢዲ ቀይሪው" አለኝ። መለዋወጫ የሚሸጡት ደግሞ ሁለቱንም መብራት በሙሉ እንድቀይር ነገሩኝና የጠሩት ዋጋ አስደነገጠኝ። በመጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት የዚህን ልጅ ስልክ የሰጠችኝ።

ስደርስ መጀመሪያ ያደረገው ነገር እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ምንም ሳይጠይቀኝ መዳፉን ውሃ ነክሮ መብራቱ ላይ አሳረፈና ወደ ታች ሳበው። እጁ ያለፈበት ቦታ ወዲያው ጠራ። ውስጥ ያለው አምፖል፣ ዙሪያው ያለው የሚያብረቀርቅ ሳህን፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ታየ። ውሃው ሲደርቅ ተመልሶ ደበዘዘ። "አዩ እትዬ" አለኝ፣ "በውሃ ከጠራ ችግሩ ከላይ ነው ማለት ነው። ይሄ ይድናል። አዲስ አይግዙ።"

ከዚያ እጁን እየጠራረገ አስረዳኝ። የላዳና የድሮው ኮሮላ ዲኤክስ መብራት መስታወት ስለሆነ እንዲህ አይወይብም። የአሁኖቹ መኪናዎች መብራት ግን ፖሊካርቦኔት በሚባል ፕላስቲክ የተሸፈነ ነው። ቀላል ነው፤ ጠጠር ቢመታው እንደ መስታወት አይረግፍም። የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ግን አይችልም። ስለዚህ ፋብሪካው ላዩን በስስ መከላከያ ይቀባዋል። ያ ቅብ ሲያልቅ ፕላስቲኩ ለፀሐይ ይጋለጥና ይወይባል፤ አቧራና ጭቃ ይፍቀዋል። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ጨረሩ 10 በመቶ ያህል እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መኪናዬ ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ፊቷን ለፀሐይ ሰጥታ ነው የምትውለው።

ኤልኢዲውንም ጠየቅኩት። የደበዘዘ ሽፋን ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትነዋል እንጂ ወደ መንገዱ አያሳልፈውም አለኝ። አምፖሉ በበረታ ቁጥር የሚበረታው ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን የሚወጋው ብርሃን ነው። ቤንዚኑን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ ፕላስቲኩን ይሰነጣጥቀዋል። የጥርስ ሳሙና ለጥቂት ጊዜ ያበራል፤ መከላከያ ስለማይተካ ግን ተመልሶ ይወይባል።

ሥራውን ቁጭ ብዬ አየሁት። በመብራቱ ዙሪያ ያለውን ቀለም በወረቀት ፕላስተር ሸፈነ። መጀመሪያ ቁጥር 600 የብርጭቆ ወረቀት ያዘ፤ ከዚያ 800፣ 1000፣ 1500፣ 2000 እያለ ወደ ለስላሳው ሄደ። ውሃ ሳያፈስ አንድ ጊዜም አልፈገፈገም። መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ቢጫ ነበር። ቢጫው አሮጌው ቅብ ነው አለኝ። ውሃው ነጭ፣ ወተት የመሰለ እስኪሆን ድረስ ወደሚቀጥለው ቁጥር አላለፈም። ቁጥር በቀየረ ቁጥር አቅጣጫም ይቀይራል፤ አንዱን አግድም ከፈገፈገ ቀጣዩን ወደ ላይና ወደ ታች። የበፊቱ ጭረት እንዳለ የሚያየው በዚያ ነው። አንድ ጥግ ላይ ጭረት ቀርቶ ስላገኘ ሁለት ቁጥር ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ጀመረው። እኔ ጭረቱን አላየሁትም ነበር። ዝም ብሎ ቢያልፈው ማንም አያውቅበትም።

ከሁሉም በላይ እንድታውቁት የምፈልገው የመጨረሻውን ደረጃ ነው። ብዙ ቦታ ፈግፍገው፣ በፖሊሽ አብርተው፣ ገንዘብ ተቀብለው ይሸኛሉ። መብራቱ የዚያን ቀን እንደ አዲስ ያበራል። መከላከያው ግን ተፍቆ ስለተነሳ ፕላስቲኩ ራቁቱን ነው የቀረው፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ተመልሶ ይወይባል። ይህ ልጅ ግን በአልኮል ጠርጎ ካደረቀው በኋላ አልትራቫዮሌት የሚከላከል ክሊር የሚባል ቀለም አልባ ቅብ ስስ አድርጎ ነፋበት። አስደረቀው። ደገመው። እስኪደርቅ ድረስ አቧራ እንዳይነካው ጋራዡ በር አካባቢ ማንም እንዳይጠርግ ከልክሎ ነበር። መብራት የሚያጸዳላችሁ ማንም ይሁን ማን፣ "ከፈገፈግክ በኋላ ምን ትቀባበታለህ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው ሌላ ሰው ፈልጉ።

በጋለ ኩባያ ውስጥ ከሚፈላ ኬሚካል በሚወጣ እንፋሎት መብራት የሚያበሩም አሉ። እንፋሎቱ የላዩን ፕላስቲክ አቅልጦ ያለሰልሰዋል። ጭሱ ግን ለሚሠራውም ለሚያሠራውም ሳንባ ጥሩ አይደለም። እሱ ይህን አይሠራም፤ እኔም አልመክርም።

እዚያው እያለሁ አንድ ሰውዬ ኮሮላ ይዘው መጡ። መብራቱ ውስጡ ውሃ ቋጥሯል፣ ጎኑም ተሰንጥቋል። ልጁ አየውና "ጋሼ፣ እኔ ብወለውለውም ውሃው ውስጥ ነው ያለው። ገንዘብዎን አያባክኑ፤ ሶማሌ ተራ ሄደው ደህና ያገለገለ ይፈልጉ" ብሎ ሸኛቸው። ሊቀበል ይችል የነበረውን ብር መለሰው። ሴት ሆኖ ጋራዥ መሄድ ምን እንደሚመስል የምታውቁ እህቶቼ ይህ ለምን ልቤን እንደነካው ይገባችኋል። የተበላሸው አንድ ነገር ሆኖ አምስት የሚነገረን፣ ዋጋው ፊታችን ታይቶ የሚጠራ እኛ ነን። እዚህ ግን የነገረኝና የሠራው አንድ ሆነ፤ የተስማማንበት ዋጋም ሳንቲም አልጨመረም።

ሲመሽ መኪናዋን ወደ ግድግዳ አዙሮ መብራቱ ትክክለኛ ከፍታ ላይ ማረፉን አየ። ግራው ትንሽ ወደ ላይ ያይ ስለነበር በብሎኑ ዝቅ አደረገው። ለዚህ አላስከፈለኝም።

ቤት ገብቼ ስለ ነገሩ አነበብኩ። ትሪፕል ኤ የሚባለው የአሜሪካ የመኪና ባለንብረቶች ማህበር በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ክፉኛ የወየበ መብራት ከአዲሱ ጋር ሲነጻጸር 20 በመቶ ያህል ብርሃን ብቻ ነው የሚሰጠው። ሲጸዳ ወደ 70 በመቶ ገደማ ይመለሳል። ስለዚህ አዲስ ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ። ልጁም ይህንኑ ነው የነገረኝ፤ "እንደ ፋብሪካው አይሆንም፣ ከጊዜ በኋላም መታደስ ይፈልጋል" ብሎ። ለእኔ ግን ልዩነቱ የትየለሌ ነው። ከዚያ በኋላ ደብረ ሲና ስወርድ የመንገዱን ነጭ መስመር እስከ ኩርባው ድረስ አየሁት። እናቴም "ዛሬስ በጊዜ ደረስሽ" አለችኝ።

ልትሄዱ ካሰባችሁ ጥቂት ነገር ልበል። ቀድማችሁ ደውሉ፤ ብቻውን ስለሚሠራ ወረፋ አለው። ጠዋት ሂዱ፣ ግማሽ ቀን መድቡ። የሚቸኩል ሰው አይደለም፤ ቸኩሎ እንዲሠራላችሁም አትለምኑት። ዝናብ በሚጥልበት ቀን ክሊር አይነፋም። ከተሠራ በኋላ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ውሃ አታስነኩት። እጥበት ቤት ስትሄዱ ጎማ የተጠረገበትን ጨርቅ መብራቱ ላይ እንዳያሳርፉት ተከታተሉ፤ አዲሱን ቅብ ቶሎ የሚጨርሰው አሸዋ ያዘለ ጨርቅ ነው። የቦሎ ምርመራ የደረሰባችሁ ደግሞ ወረፋው ሳይረዝም ብትሄዱ ጥሩ ነው።

ዋጋውን ያልጻፍኩት የክሊሩና የወረቀቱ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ነው። ለሁለቱ መብራት የከፈልኩት ግን ለአንድ ያገለገለ መብራት ከተጠየቅኩት እጅግ ያነሰ ነው። ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ፣ እሱም ፈቅዶልኛል። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ እጅህ ይባረክ። የባልደረባዬን ባል ኮሮላ ቅዳሜ ይዘነው እንመጣለን።