ገና በሐይቅ ዳር ሆቴል፦ የሐዋሳ የቤተሰብ በዓል መስተንግዶ በአያት ዓይን

የ2018 ዓ.ም. ገናን ያከበርነው በቤቴ ሳይሆን እዚሁ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ነው። ልጆቼ ከአዲስ አበባ ሲመጡ «እማዬ፣ ዘንድሮ ሽንኩርት ስትከትፊ አናይሽም» ብለው የሆቴሉን የቤተሰብ የበዓል ፓኬጅ አስቀድመው ከፍለውበት ነበር። ፓኬጁ መኝታን፣ የዋዜማ የጾም እራትን፣ የቤተ ክርስቲያን መጓጓዣን፣ የበዓሉን ቁርስና ምሳ እንዲሁም ቡናን ያጠቃልላል። የሆቴሉን ስም የማልጠቅሰው የማነሣቸው ጉድለቶች የእርሱ ብቻ ስላልሆኑ ነው፤ በበዓል ሰሞን «ለመላው ቤተሰብ» እያሉ የሚያስተዋውቁ ቤቶች ቤተሰብ ሲሉ ወላጆችንና ሕፃናትን እንጂ አያትን የሚቆጥሩ አይመስሉም።

ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ አንሶላው የታጠበ፣ የወባ መከላከያ አጎበሩም ያልተቀደደ ነበር። ይሁን እንጂ የተሰጠን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ሕንፃው አሳንሰር የለውም። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያለው ገንዳ ከጉልበት በላይ ከፍ ያለ፣ ወለሉ የሚያንሸራትት፣ በግድግዳው ላይም እጅ የሚያሳርፉበት አንዳች መደገፊያ የሌለው በመሆኑ፣ ልጄ በር ላይ ቆማ ሳትጠብቀኝ ገላዬን መታጠብ አልቻልሁም። ምድር ቤት ባዶ ክፍል መኖሩን ያወቅነው በማግስቱ ነው፤ ክፍሉ ሲያዝ የእንግዶቹ ዕድሜ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። የልጅ ልጆቼ ዕድሜ ግን አንድ በአንድ ተጠይቋል፤ ለሕፃናት ግማሽ ክፍያ ስለሚደረግ ነው።

የዋዜማው እራት መልካም ነበር። ሽሮው ያልቀጠነ፣ የምስር ወጡ በደንብ የተቁላላ፣ ጎመኑም ዘይት ያልበዛበት ነው። በጾም ምግቦቹ መካከል የተጠበሰ ዓሣ ቀርቦ ነበር፤ የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል አፍንጫችን ሥር ሆኖ ዓሣ አይቅረብ ማለት የሚቻል አይደለም፤ በጾም የሚበላውም ብዙ ነው። እኔ ግን በጾም ዓሣ አልበላም፤ በገና ጋድማ ጭራሽ አይታሰብም። ቅሬታዬ ዓሣው መቅረቡ ሳይሆን፣ የዓሣው ጭልፋ ወደ ምስሩ፣ የምስሩም ወደ ዓሣው እየዞረ ሲገባ የሚቆጣጠር ሰው አለመኖሩ ነው።

ወደ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን የወሰደን ሚኒባስ በሰዓቱ ተነሥቷል፤ ሾፌሩም ቅዳሴው እስኪያልቅ ድረስ መኪናው ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ጠብቆናል። ለዚህ ሰው ያለኝ ምስጋና ከፍ ያለ ነው። ችግሩ የመጣው ስንመለስ ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ የጾመ ሰው ቅዳሴ ሲወጣ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ቤቱ የሚገባው ሊያስፈስክ እንጂ ሊተኛ አይደለም፤ ቤቴ ቢሆን ኖሮ ወጡ ምድጃ ላይ ይጠብቀን ነበር። የሆቴሉ ምግብ ቤት ግን ጨለማ ነበር። እንግዳ መቀበያው ላይ ያገኘነው ወጣት በትሕትና፣ «ማዘር፣ ቁርስ ከ12፡30 ጀምሮ ነው» አለኝ። ድምፃችንን የሰማች አንዲት ወጥ ሠሪ፣ ለምሳ የሚሆነውን ዶሮ ሌሊቱን ስትሠራ አድራ ኖሮ፣ መጎናጸፊያዋን እያስተካከለች ወጣችና፣ «እናቴ፣ እኔም አሁን ነው የማፈስከው፤ ኑ ግቡ» ብላ ወጥ ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀመጠችን። ከድስቱ ጨልፋ፣ እንጀራ ቆርሳ፣ እስክንጠግብ አበላችን። በቆይታችን ሁሉ በዓል በዓል የሸተተኝ ያን ሰዓት ነው። ነገር ግን የአንዲት ሠራተኛ ደግነት የሆቴሉ አገልግሎት ተብሎ ሊመዘገብ አይገባም። እንግዶቹን ቤተ ክርስቲያን አድርሶ የሚመልስ ድርጅት በስንት ሰዓት ተርበው እንደሚመለሱ ማወቅ አያቅተውም፤ የሚያስፈልገውም አንድ ወጥ ሠሪና አንድ አስተናጋጅ በተረኛነት መመደብ ብቻ ነው።

ጠዋት ቁርስ ላይ የገጠመን ደግሞ የበለጠ አስገረመኝ። ዘንድሮ ገና የዋለው ረቡዕ ስለነበር፣ ሆቴሉ ለረቡዕና ለዓርብ የሚጠቀምበትን የምግብ ዝርዝር አውጥቶ ቡፌውን በአብዛኛው የጾም አድርጎታል። ገናና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውሉ እንደማይጾም የማያውቅ ሰው በዓል አዘጋጅ ነኝ ሊል አይችልም። ለኃላፊው ይህንኑ ስነግረው ደንግጦ እንቁላልና ቅቤ እንዲወጣ አዘዘ። ጥሩው ነገር፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ቡርሳሜ ነው፤ ሲዳማዎች ከእንሰት ቆጮና ከቅቤ የሚያዘጋጁት ይህ ምግብ ትኩስ፣ ቅቤው የተነጠረ፣ ቅመሙም ልክ ነበር። የአዲስ አበባዎቹ የልጅ ልጆቼ ሁለተኛ ጊዜ ተነሥተው ጨመሩ።

ስለ ምሳው ዶሮ ወጥ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አይፈረድብኝም። ሽንኩርቱ ውኃው እስኪመጥ ድረስ በደረቁ ተቁላልቷል፤ በርበሬውም በስሎ ጥሬ ጥሬ አይሸትም፤ ሆቴሎች ወጥ ለማወፈር የሚጨምሩት የቲማቲም ድልህ አልገባበትም፤ መከለሻውም በመጨረሻ መግባቱ ከሽታው ይታወቃል። ሌሊት በርጩማ ላይ ያስቀመጠችን ሴት እጇ ይባረክ። ጉድለቱ ከእርሷ ሳይሆን ከግዢ ክፍሉ ነው፦ ዶሮው የፈረንጅ ዶሮ በመሆኑ ያን ያህል ሰዓት እሳት ሊችል አልቻለም፤ ሥጋው ከአጥንቱ ተላቅቆ ወጡ ውስጥ ተበታትኗል። ከዚህም በላይ ዶሮው እንዳመጣ የተቆራረጠ እንጂ በአሥራ ሁለት ብልት የወጣ አልነበረም። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ፈረሰኛው የእርሱ ነበር፤ ዛሬ ለታላቁ ልጄ አነሣለታለሁ። ሳህኑን ባገላብጠው ፈረሰኛም መላላጫም የሚባል ነገር ስላላገኘሁ እንቁላል ደረብሁለት።

ሕፃናቱ ተደስተዋል። የፕላስቲክ ጥድ ላይ ጥጥ እንደ በረዶ ተበትኖ፣ በሐዋሳ የቀትር ፀሐይ ወፍራም ቀይ ካፖርት የለበሰ ወጣት ላቡን እየጠረገ ከረሜላ ያድል ነበር፤ ልጁ አሳዘነኝ። ያን ሁሉ ሰፊ ሣር እያዩ አንድ ሩርና ጥቂት የገና ዱላ ማዘጋጀት አለመታሰቡ ግን ያስቆጫል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን የምናውቅ ሽማግሌዎች ዳር ተቀምጠን ስልክ ከምንጎረጉር፣ አጨዋወቱን ባሳየን ነበር። ከዛፉ የወረደች ጦጣ የትንሹን የልጅ ልጄን ሙዝ ነጥቃ መሸሿ፣ በፓኬጁ ውስጥ ያልተጻፈ ቢሆንም፣ ከጨዋታዎቹ ሁሉ በላይ ያሳቀን ነው።

ቡናው ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ዕጣን ጨሶ፣ እስከ በረካ ተጠጥቷል፤ ድፎ ዳቦው ግን የዳቦ ቤት እንጂ በኮባ የተጋገረ አልነበረም።

ዋጋውን በሚመለከት፣ በማስታወቂያው ላይ የተለጠፈው 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያንና 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስን የማያካትት በመሆኑ፣ ሒሳቡ ሲመጣ ልጆቼ እርስ በርስ ተያይተዋል። እናቱን ወይም አባቱን ይዞ እዚህ ዓይነት ቤት ለመሄድ ያሰበ ሰው ከመክፈሉ በፊት ጠቅላላ ሒሳቡን በጽሑፍ ይቀበል፤ ምድር ቤት ክፍል እንዲያዝለት ያሳስብ፤ ከቅዳሴ መልስ ወጥ ቤቱ ክፍት ይሆን እንደሆነም ይጠይቅ። ልጆቼ ለፋሲካ እንድገመው ብለዋል። እኔም የሌሊቱ ማዕድ በውሉ ላይ ከሰፈረና የሐበሻ ዶሮ እንዲገዛ ከተስማሙ እንደማልቃወም ነግሬያቸዋለሁ፤ ብልቱን ግን እኔው አወጣለሁ።